ያልለካችሁትን ቁጥር አትጻፉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ከገበያ ነጠላ ገዝታ መጣች። የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ጥለቱ ያብረቀርቃል። «ንጹህ ሐር ነው ብሎኛል» አለችኝ። ከጥለቱ ጫፍ አንድ ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩ። ክሩ ቦግ ብሎ ነደደ። አልቀለጠም። አመዱ በጣት ሲነካ ብን አለ።

«አሽትቺው» አልኳት።

«ወረቀት ወረቀት ይላል።»

እውነተኛ ሐር ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ፖሊስተር ቢሆን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራ ነበር። ጥጥም ሲቃጠል ወረቀት ይሸታል፤ ስለዚህ ሌላ ክር መዝዤ ውሃ ነከርኩና ሳብኩት። ያለ ትግል ተበጠሰ። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል። ቪስኮስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ሲረጥብ የጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። (የቪስኮስ ልብስ ስታጥቡ አትጭመቁት፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።)

ነጋዴው ሆን ብሎ የዋሸ አይመስለኝም። ይህ ክር ገና ሲፈጠርም «ሰው ሠራሽ ሐር» ነው የተባለው። ስሙ ገበያ ላይ ቀረ። «ከእንጨት ነው የተሠራው» ስላት ግን ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ በተነሳ ወግ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በጨርቃ ጨርቅ ላቦራቶሪ ነው። ኬሚስትሪ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትማሩ ልጆች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እናቴ አዘዞ አካባቢ ፈትል ፈትላ ነው ያሳደገችን። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ታባዝተዋለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ለእሷ ክር ማለት ጥጥ ነው። ጥጡን ክር የሚያደርገው ሴሉሎስ የሚባለው ነገር ነው። እንጨትም ውስጥ አለ፤ ችግሩ አይፈተልም። በ1892 እ.ኤ.አ. ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ እንግሊዛውያን ይህን ሴሉሎስ አሟሙቶ እንደገና ክር የማድረጊያ ዘዴ አገኙ። በ1905 እ.ኤ.አ. ኮቨንትሪ ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀመረ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል። ከእንጨት የወጣው ንጹህ ሴሉሎስ እንደ ወፍራም ካርቶን ተነጥፎ ይመጣል። 18 በመቶ ገደማ ኮስቲክ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ይዘፈዘፋል። ተጨምቆ ይፈረፈራል፤ ነጭ የእንጀራ ፍርፋሪ ይመስላል። ሙቀቱ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ነጩ ፍርፋሪ ብርቱካናማ ይሆናል። እሱ ደግሞ በቀጭን ኮስቲክ ሶዳ ሲሟሟ ማር የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ቪስኮስ የሚባለው እሱ ነው፤ ስሙም ከዝልግልግነቱ የመጣ ነው። ፈሳሹ ይጣራል፣ አየሩ ይወጣለታል፣ እስኪበስል ይቆያል። በመጨረሻ ስፒነሬት በሚባል፣ እንደ ሻወር ራስ በተበሳሳ ግን ቀዳዳዎቹ በዓይን በጭንቅ በሚታዩ ብረት ውስጥ ተገፍቶ ሰልፈሪክ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ይገባል። አሲዱን ሲነካ ይረጋል። ክር ሆኖ ይወጣል።

«እስኪበስል ይቆያል» ያልኩትን ያዙልኝ።

በደርግ ጊዜ ለሥልጠና ወደ ውጭ ከተላኩት አንዷ ነበርኩ። የደረሰኝ የቪስኮስ ፋብሪካ ነው። ሥራዬ የፈሳሹን መብሰል መለካት ነበር። ፈሳሹ ሲቆይ በውስጡ ያለው ኬሚስትሪ አያርፍም። ጥሬ ከሆነ ክሩ ደካማ ይሆናል። ካለፈበት ደግሞ እንደ ቀዘቀዘ ሙቅ ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋል። ስለዚህ በየፈረቃው ናሙና ቀድተን አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ እንጥልበታለን። ኳሷ ከምልክት እስከ ምልክት ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት እንመዘግባለን። መብሰሉን የሚለካ ሌላም ምርመራ አለ፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ሌሊት ደክሞኝ ነበር። የፈረቃው ኃላፊ ይጣደፋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ቁጥሩ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። የትናንቱን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩ። ኳሷን አልጣልኩም። ሌላውንም ምርመራ አልሠራሁም።

ለካ የማቀዝቀዣው አንድ ቫልቭ ተዘግቶ ኖሯል። ፈሳሹ ሞቆ ካለፈበት ቆይቷል። ሊነጋጋ ሲል ስፒነሬቶቹ መደፈን ጀመሩ። ሠራተኞቹ የጋዝ መሳቢያውን መስታወት እየከፈቱ፣ አንገታቸውን ወደ ገንዳው እያስገቡ አንድ በአንድ ማውጣት ነበረባቸው። አሲዱ ቪስኮሱን ሲያረጋ ሁለት ጋዝ ይወጣል። አንደኛው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነው። ሁለተኛው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል።

ከነሱ አንዷ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ስመጣ አገሩ እስኪለምደኝ ዳቦ ታካፍለኝ ነበር። ጠዋት ላይ ግድግዳ ተደግፋ አየኋት። ዓይኗ ደም መስሏል። አምፖሉን ስታይ ዙሪያው ቀስተ ደመና ይታየኛል አለች። ሦስት ቀን ጨለማ ክፍል ተኛች። ዓይኗ ዳነ። መዝገቡን ከፍቶ የጠየቀኝ አልነበረም። ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ዝም ብላ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያልለካሁትን ጽፌ አላውቅም። ደክሞኝ ካልለካሁ «አልተለካም» ብዬ እጽፋለሁ። አለቃ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

የእሷ ቀላሉ ነው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ለዓመታት ሲተነፈስ ነርቭ ይጎዳል፣ አእምሮ ያናጋል፣ ልብ ያሳምማል። ወንጂን ሬዮን በሚባል የደቡብ ኮሪያ ፋብሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በዚህ ተመርዘዋል። ፋብሪካው በ1993 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ማሽኖቹ ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የመጡ ነበሩ። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ወደ ቻይና ተሸጡ። ማሽን ርካሽ ሲሆን፣ ከየት ተነቅሎ እንደመጣና ለምን እንደተነቀለ ጠይቁ።

ይህን የምለው የጎረቤቴ ልጅ ወዲያው «ታዲያ እኛ ባሕር ዛፍ ሞልቶን የለ? ለምን እዚህ አንሠራውም?» ስላለችኝ ነው። ጥያቄዋን ወደድኩት። እውነቷን ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከባሕር ዛፍ ለዚህ ክር የሚሆን ሴሉሎስ ታመርታለች። የጎንደር ዙሪያ ኮረብታም ባሕር ዛፍ ለብሷል። ግን እንጨቱ ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ነው። ኮስቲክ ሶዳው፣ አሲዱ፣ ብዙ ውሃው አለ። ገንዳው ውስጥ ዚንክም ይገባል። ፍሳሹ ወዴት ይሂድ? አንገረብ እኮ እኛ ጎንደሮች የምንጠጣው ውሃ ነው። ጋዙን የሚይዘውና መልሶ ሥራ ላይ የሚያውለው ክፍል በወረቀት ላይ ሁሌም አለ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረውም እሱ ነው። እቅድ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ያንን ገጽ ግለጡ።

ሌላም መንገድ አለ። ሊዮሰል የሚባለው ክር ያለ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይሠራል። ማሟሚያው ሴሉሎሱን እንዳለ ያሟሟዋል፤ ከማሟሚያውም ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ይሰበሰባል። ውድ ነው፣ ከባድ ነው። እኔ ወጣት ብሆን ግን የምማረው እሱን ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት አለላችሁ፤ ሩቅ አይደለም። የመተማን ጥጥም አትናቁ። ጥጡን ሳያውቅ ቪስኮስን የሚያውቅ ሰው አላየሁም። እናቴ ቃጫና ጥጥ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትለይ ነበር። እኔ ላቦራቶሪ ስገባ ያገዘኝ መጀመሪያ ያ ነው።

ልጅቷን የቤት ሥራ ሰጠኋት። ከገበያ አራት ዓይነት ክር ሰብስቢ፣ አቃጥዪ፣ አርጥበሽ ሳቢ፣ ያየሽውን ጻፊ አልኳት። ትናንት ደብተሯን ይዛ መጣች። አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ፖሊስተር፣ አንዱ ቪስኮስ። አራተኛው ግማሹ ይቀልጣል፣ ግማሹ አመድ ይሆናል። ከሱ ፊት ለፊት «አላወቅሁትም» ብላ ጽፋለች። ቅዳሜ አብረን ክሩን ፈትተን እናየዋለን።