ራውተሩ ለምን በአሮጌው አይኦኤስ ይነሳል?

ጥያቄ፦ የቢሮአችን ራውተር ሲስኮ 2911 ነው። አዲሱን የአይኦኤስ (የራውተሩ ሥርዓተ ክወና) ፋይል ፍላሽ (የራውተሩ ማከማቻ) ላይ ጫንኩ፣ ራውተሩ በየትኛው ፋይል እንደሚነሳ በሚነግረው «ቡት ሲስተም» ትዕዛዝ ስሙን አስገባሁ፣ ሴቭ አደረግሁ። ሪሎድ ሳደርገው ግን ተመልሶ በአሮጌው ይነሳል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፋይሉን ለጊዜው አይጠርጥሩት። «ቡት ሲስተም» የቀድሞውን መስመር አይተካም፤ ከሥሩ ይጨመራል። ራውተሩ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይሞክራል፣ የመጀመሪያው ከሠራለት ሁለተኛውን አያየውም። «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» ብለው በ«ቡት ስታርት ማርከር» እና በ«ቡት ኤንድ ማርከር» መካከል ይመልከቱ፤ አሮጌው ከላይ መቀመጡ አይቀርም።

ኮንፊግ (የቅንብር ሁነታ) ውስጥ ገብተው «ኖ ቡት ሲስተም» ይበሉ፤ ሁሉም መስመር ይጠፋል። ከዚያ አዲሱን አስቀድመው፣ አሮጌውን አስከትለው ያስገቡ። ስሙን በእጅ አይጻፉት፣ «ዲር ፍላሽ 0» ከሚያሳየው ኮፒ ያድርጉ። አንድ ፊደል ቢሳሳት ራውተሩ መስመሩን ዝም ብሎ ሊቀበል ይችላል፤ ጉዱ የሚታየው ሲነሳ ነው። በመጨረሻ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ»። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ሪሎድ ከማድረግዎ በፊት «ሾው ቨርዥን» ብለው የመጨረሻውን መስመር ያንብቡ። ሬጅስተሩ (ራውተሩ እንዴት እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር) 0ኤክስ2102 መሆን አለበት። 0ኤክስ2142 ከሆነ (የይለፍ ቃል ሲረሳ የሚቀየረው ነው) ራውተሩ የተቀመጠውን ኮንፊግ ትቶ ባዶውን ይነሳል። 0ኤክስ2100 ደግሞ ሮምሞን (አይኦኤስ ሳይነሳ የሚቆምበት የጥገና ሁነታ) ላይ ያስቀረዋል።

የፋይሉን ጤንነት በ«ቬሪፋይ» ትዕዛዝ፣ «ኤምዲ5» የሚለውን ጨምረው ያጣሩ፤ የሚወጣው ቁጥር ፋይሉ በወረደበት የሲስኮ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በቲኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ የመላኪያ ቀላል ዘዴ) ሲጫን 32 ሜጋባይት አካባቢ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። ቲኤፍቲፒ በ512 ባይት ቁራጭ እየቆጠረ ይልካል፣ ቆጣሪው 65535 ሲደርስ ከዜሮ መጀመር የማይችል ሰርቨር እዚያው ይቀራል። በኤፍቲፒ ወይም በዩኤስቢ ፍላሽ ይጫኑት።

አሮጌውን ፋይል፣ ቦታ እስካለ ድረስ፣ አዲሱ ጥቂት ቀናት ሳይሠራ አይሰርዙት።

ጥያቄ፦ እኔ ግን አሮጌውን ሰርዤዋለሁ። አሁን ያው 2911 «ሮምሞን 1» ላይ ቆሞ ቀረ።

መልስ፦ እዚያው «ዲር ፍላሽ 0» ይበሉ። አዲሱ ፋይል ካለ «ቡት» ብለው መንገዱንና ሙሉ ስሙን ይስጡት፤ ከተነሳ በኋላ የቡት መስመሮቹን ያስተካክሉ። ያቆመው ሬጅስተሩ ብቻ ከሆነ «ኮንፍሬግ 0ኤክስ2102»፣ ቀጥሎም «ሪሴት» ይበቃል።

ፋይል ከሌለ በኮንሶል ገመድ በኤክስሞደም (የቆየ የፋይል መላኪያ ዘዴ) መላክ ይቻል ይሆናል፣ ግን አይመከርም፤ 100 ሜጋባይት በሴኮንድ 9600 ቢት ፍጥነት ከ28 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ፋይሉን በኔትወርክ የሚያወርደው የሮምሞን ትዕዛዝ «ቲኤፍቲፒ ዲኤንኤልዲ» ይሻላል፤ ተለዋዋጮቹ (የአይፒ አድራሻ፣ የፋይል ስምና የመሳሰሉት የሚሞሉባቸው) በትልልቅ ፊደል፣ ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት ሳይኖር ይጻፋሉ። ትዕዛዙ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ያስጠነቅቅዎታልና ሳያነቡ እሺ አይበሉት። ከሁሉ የሚቀለው ግን ራውተሩን አጥፍቶ የኮምፓክት ፍላሽ ካርዱን ማውጣት፣ በካርድ አንባቢ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን መገልበጥና መልሶ መክተት ነው።