«ቻይው» ሲለኝ እስከ መቼ ልቻል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከስምንት ወር በፊት አማቴን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ስለደከመ ከደብረ ብርሃን አምጥተናቸው አብረውን ናቸው። ወጥ ብሠራ «ጨው የለውም»፣ ልጆቹን ብቆጣ «ክፉ ናት» ይሉኛል። ለባለቤቴ ስነግረው «ኮንዶሚኒየም እስኪደርሰን ቻይው» ነው መልሱ። የ20/80 ተመዝጋቢ ነን፤ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እየቆጠብን ነው። እስከ መቼ ልቻል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕጣው መቼ እንደሚደርሳችሁ አንቺም ባለቤትሽም አታውቁም። የአማትሽም ግራ እጅ አንቺ ስለፈለግሽ አይበረታም። ሁለቱን ለጊዜው ተያቸው። እኔን ያሳሰበኝ፣ አዲስ ቤት የማይጠይቀውም ነገር ሁሉ «ቤት እስኪደርሰን» ተብሎ መቀመጡ ነው፤ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገርን ጨምሮ።

«ቻይው» ስንባል ብዙዎቻችን የምናደርገው መዋጥ ነው። የተዋጠ ደግሞ አይጠፋም፤ ሐሙስ በጨው የመጣው ንዴት እሑድ በልጅ ላይ ይወጣል።

ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩ፣ ቤት ውስጥ ግን አይሁን። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም፤ አማትሽ ሹክሹክታውን ሲሰሙ ስለሳቸው ባይሆንም ስለሳቸው ይመስላቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ጎረቤት ቤቱን እንድታይላችሁ ለምኑና ለግማሽ ሰዓት ወደ ስድስት ኪሎ በእግራችሁ ውጡ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ተፋጦ ከመነጋገር ይቀላል። በመጀመሪያው ቀን የስምንት ወሩን ሁሉ አታራግፊበት። ቀንና ሰዓት ያለው አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት እናትህን አንተ እራት አብላልኝ፤ መድኃኒታቸውንም ስጥልኝ፤ እኔ ወጣ ልበል።» «አታግዘኝም» ብትይው ክርክር ነው የሚከተለው። ለዚህኛው እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት። ያገኘሽውን ሰዓት ደግሞ ልብስ እንዳታጥቢበት፤ ጓደኛሽ ጋ ሂጂ፣ ካልሆነም ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። «ልጄን ገረድ አደረገችው» ማለታቸው አይቀርም። ይህ ሲመጣ አንቺ አትመልሺ። «እኔ ፈልጌ ነው እማዬ» ማለት የልጃቸው ድርሻ ነው፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ማጉረምረም ተሸንፎ ወደ ድሮው ከተመለሰ ማጉረምረም እንደሚሠራ ሁሉም ይማራል።

ስለ ጨው። አማትሽ ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪሙ ጨው አስቀንሷቸው ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ወጡ በእርግጥም ጨው የለውም! ለማንኛውም፣ ደብረ ብርሃን የራሳቸው ጓዳ አዛዥ የነበሩ ሴት ዛሬ የቀራቸው ሥልጣን የሰው ወጥ መቅመስ ነው። ቀኝ እጃቸው ደህና ከሆነ ሥራ ስጫቸው። ምስሩን በሰፌድ አድርገሽ ጉልበታቸው ላይ አኑሪላቸው፤ ይልቀሙት። መልቀማቸው ያዘገይሽ ይሆናል፣ ተመልሰሽም አንድ ሁለት ጠጠር ታገኚ ይሆናል። እያዩሽ ግን ደግመሽ አትልቀሚው። ቡናውንም «ተቆልቶ ደርሷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ይህ ሁሉ ለንዝንዝ እንጂ ለስድብና ለዱላ አይደለም፤ እዚያ ከደረሰ ለብቻሽ አትያዢው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ደስ ካላለሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሊልኩሽ ይችላሉ። ሞት የሚያስመኝሽ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ፤ ባለቤትሽ እኅት ወንድም አለው? ካለው በዓመት ሁለት ወር እናታቸውን ማስታመም፣ ካልቻለም የመድኃኒቱን ወጪ መጋራት ይችላል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው የእግር መንገዳችሁ ላይ አንሺለት። የሚደውለው ግን እሱ ነው።