ስለ ዊንዶውስ 11 ለጠየቁን እህት፦ ሦስቱን ማሽኖች በተመለከተ ከልምዴ የምመልሰው

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በጽሕፈትና በኮፒ ቤትዎ ውስጥ ሁለት ዴስክቶፖችና ኪቦርዱ የሚነቀል አንድ ታብሌት አሉ። የመጀመሪያው ዴስክቶፕ በባለሙያ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 11 ከተጫነበት በኋላ የቆዩት የአማርኛ ሰነዶችዎ በማይነበቡ ምልክቶች ተሞልተዋል፤ ሁለተኛው «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ብሎዎታል፤ ታብሌቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት በቂ ቦታ የለኝም ብሎ ቆሟል። የጠየቁትም ልመለስ፣ ልቀጥል ወይስ አዲስ ልግዛ የሚል ነው።

ለሦስቱ ማሽኖች የምሰጠው መልስ የተለያየ ነው። ፎርማት የተደረገው ዴስክቶፕ በዊንዶውስ 11 ይቀጥል፣ የጎደለው ፊደል ብቻ ነውና እሱ ይመለስለት። ሁለተኛው ከመገደዱ በፊት ይመርመር። ታብሌቱን ግን ወደ 11 ለማሳደግ ከእንግዲህ ጊዜና ዳታ አያባክኑበት። ይህን የምለው አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት ቤቶችና ለትናንሽ ቢሮዎች ኮምፒውተር ስጠግን በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ስለሆነ ምክንያቱንም አብሬ አስረዳለሁ።

ከሁሉ በፊት ሰነዶቹን አነሣለሁ፣ ምክንያቱም እንጀራዎ እዚያ ላይ ነው። ሰነዶችዎ አልጠፉም፣ አልተበላሹምም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መለኪያ) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ያስቀመጡት ለላቲን ፊደላትና ለልዩ ልዩ ምልክቶች በተመደቡት ቦታዎች ላይ ነበር፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚያው አሠራር ቀጥለዋል። ስለዚህ በዚያ ዓይነት ፕሮግራም የተጻፈ ውል በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን፣ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ያ የተለየ ፎንት በማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ማሽኑ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል፣ በስክሪኑ ላይ የሚቀረውም ያዩት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። ጥፋቱን በዊንዶውስ 11 ላይ የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በዊንዶውስ 7ም በ10ም ፎርማት በተደረጉ ማሽኖች ላይ ይህንኑ አይቻለሁ።

አንድ ቢሮ ውስጥ ሠራተኞቹ ይህ ደርሶባቸው የሚያማክሩት ሰው ስላጡ፣ በወረቀት የነበሩትን የቆዩ ውሎች ከመጀመሪያው ፊደል እየለቀሙ ለሦስት ቀናት እንደገና ሲተይቡ ደረስኩ። ፎንቶቹን ከሌላ ማሽን በፍላሽ አምጥቼ ስጭን ሰነዶቹ በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተመለሱ። የእነዚያ ሦስት ቀናት ድካም እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረኝ፣ አሁን ማንም ሰው ስለ ፎርማት ሲጠይቀኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የፎንቱን ነገር ነው።

እርስዎ ደግሞ እድለኛ ነዎት። እምቢ ያለዎት ሁለተኛው ዴስክቶፕ እስካሁን ስላልተነካ የቆዩት ፎንቶች በእርሱ ላይ አሉ። ሲ ድራይቭን ከፍተው «ዊንዶውስ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ የግዕዝ ፎንቶቹን በፍላሽ ገልብጠው በአዲሱ ማሽን ላይ እያንዳንዱን በቀኝ ጠቅ በማድረግ «ኢንስቶል» ይበሉ። ሰነዶቹ ሲመለሱ በተለይ ዋና ዋናዎቹን በፒዲኤፍ መልክም ያስቀምጧቸው፤ ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ስለሚቀመጥ በማንኛውም ማሽን ላይ ይነበባሉ። ይህ ሳይጠናቀቅ ማንም ባለሙያ ሁለተኛውን ዴስክቶፕ ፎርማት እንዳያደርግብዎት አደራ እላለሁ።

ሌላም ከዚህ የቀለለ ችግር አለ፣ ምናልባት እስካሁን ልብ አላሉት ይሆናል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረውና ብዙ ቢሮዎች ደብዳቤ የሚጽፉበት «ኒያላ» የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በፍላጎት የሚጨመር ሆኗል። ፎንቱ ከሌለ ዊንዶውስ ጽሑፉን በሌላ ፎንት ተክቶ ያሳየዋል፤ ይነበባል፣ ነገር ግን የመስመሩ ስፋት ስለሚለወጥ በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊፈስና ፊርማው ለብቻው ሊቀር ይችላል። መፍትሔው በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለውን ፈልጎ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የተባለውን መጨመር ብቻ ነው።

መመለስ ይቻላል ወይ ብለውኛል። ዊንዶውስ 11 በቀድሞው ላይ እንደ ማሻሻያ የተጫነ ከሆነ እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ማሽኑ ፎርማት ከተደረገ ግን የሚመለስበት አሮጌ ዊንዶውስ የለም። የስታርት ቁልፍ ወደ መሐል መሄዱ ያሳሰበዎት ከሆነ በታስክባሩ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ግራ ይመለሳል፤ በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ የሚወጣው ዝርዝር ያጠረብዎት ከሆነም ሺፍትንና ኤፍ 10ን አብሮ መጫን የቀድሞውን ያመጣዋል። ለዚህ ሲባል እንደገና ፎርማት ማስደረግ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዴስክቶፕ ልምጣ። ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ የብዙ ሰው ቅሬታ በመስፈርቱ ላይ ነበር፣ እኔም ቅሬታው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የራሙ 4 ጊጋባይትና የዲስኩ 64 ጊጋባይት ማንንም የሚያስጨንቁ አልነበሩም። ያስጨነቁት ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍልና የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል የሆነው ክፍል፣ ትውልድ ናቸው፤ በኢንቴል በኩል በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉት ተቀባይነት አላገኙም። ከውጭ አገር ያገለገሉ ሆነው በሚገቡ ዴስክቶፖች ለምንሠራ ለእኛ ይህ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ቢሮዎቻችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ 4ኛና 6ኛ ትውልድ ሆነው ሥራቸውን ያለ እንከን የሚሠሩ ናቸው።

ሆኖም «አያሟላም» የሚለው መልእክት ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቲፒኤሙ በማሽኑ ውስጥ እያለ በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በኢንቴል ማሽኖች «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ ማሽኖች «ኤፍቲፒኤም» በሚል ስም ይገኛል፤ አብርተውት እንደገና ማስመርመር ነው። ይህን ከመንካትዎ በፊት ግን ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድመው በወረቀት ይገልብጡ፣ ምክንያቱም ባዮሱ ሲነካ ማሽኑ ያንን ረጅም ቁጥር ሊጠይቅዎት ይችላል፣ ቁጥሩን ያጣ ሰውም ሰነዱን አጣ ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ በእርግጥ አሮጌ ከሆነስ? መስፈርቱን ዘልሎ የሚጭንበት መንገድ እንዳለ ባለሙያዎች ይነግሩዎታል፣ እውነትም አለ። በራሴ ማሽን ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በደንበኛ የሥራ ማሽን ላይ ግን አላደርገውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ዝማኔ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ 24ኤች2 የተባለው እትም ደግሞ በጣም አሮጌ ፕሮሰሰሮች የሌሏቸውን ትእዛዞች ስለሚፈልግ በእነዚያ ላይ ከናካቴው አይነሣም። የሰው ውልና የሰው ማመልከቻ በሚተየብበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይዞ መሥራት አይገባም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት ሳይሆን የደኅንነት ጥገና አይደርሰውም ማለት ነው። ለግል ተጠቃሚዎች ግን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ዝማኔ ተዘጋጅቷል። ለመመዝገብ ዊንዶውስ 10ዎ 22ኤች2 የተባለው እትም መሆን ይኖርበታል፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። የማሽኑን ማስተካከያዎች በአካውንቱ ላይ እንዲቀመጡ ከፈቀዱ ያለ ክፍያ፣ ካልፈቀዱ ደግሞ 30 ዶላር በመክፈል መመዝገብ ይቻላል። በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ማስፈንጠሪያ ከታየዎት ዛሬውኑ ይመዝገቡ። የሚገኘው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ ተቻኩሎ ውድ ማሽን ከመግዛት ተረጋግቶ ያገለገለ ነገር ግን 8ኛ ትውልድ የሆነ ዴስክቶፕ ለመፈለግ ይበቃል።

ታብሌቱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ የምለው ስላለኝ ነው። ጣትንና ማውዝን በአንድ ሥርዓት ለማስተናገድ የተደረገው ሙከራ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አንዱን ሲያስደስት ሌላውን እያስከፋ መጥቷል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ለጣት እንዲመች ተብሎ የስታርት ቁልፍ ከዴስክቶፕ ጠፋ፣ የቢሮ ሰዎች ማሽናቸውን የሚያጠፉበት ቦታ እንኳ ጨነቃቸው፤ በዓመቱ 8.1 ሲመጣ ቁልፉ ተመለሰ። ዊንዶውስ 10 በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲመጣ ተጠቃሚው ራሱ የሚያበራውና የሚያጠፋው የታብሌት ሁነታ አስገባ፤ በእኔ አስተያየት እስካሁን ከታዩት ሁሉ የተሻለው መፍትሔ ይህ ነበር። ዊንዶውስ 11 ያንን ሁነታ አስወጥቶ፣ ኪቦርዱ ሲነቀል በራሱ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሰፋ አድርጎታል። ስለዚህ ታብሌትዎ ቢያድግ እንኳ በጣት ለመሥራት የተሻለ ምቾት ያገኛል ብዬ አልጠብቅም።

ዋናው ችግር ግን ቦታው ነው። ቦታ የለኝም ካለ ታብሌትዎ የ32 ጊጋባይት ሳይሆን አይቀርም። ይህ በስክሪኑ ላይ 29 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከዚያም ላይ አብዛኛውን ዊንዶውስ 10 ራሱ ይዞታል፤ 11 ደግሞ የ64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። ፋይል እያጠፉ የሚሞላ ልዩነት አይደለም። ከዚህ ሌላ በዚያ ዘመን የወጡ ብዙ ርካሽ ታብሌቶች የተጫነባቸው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ የሚመጣ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ታብሌቶችን ከ8.1 ወደ 10 የማሳደግ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሰባቱ በተጨማሪ ፍላሽ ድጋፍ ተሻሻሉ። ሁለቱን ግን ቦታው ስላልበቃቸው ከባዶ ጫንኩባቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ስክሪናቸው ንክኪ አልቀበልም አለ፣ ምክንያቱም የንክኪው ድራይቨር (ዊንዶውስ ስክሪኑን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) ታብሌቱን የሠራው ድርጅት ያዘጋጀው እንጂ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ አልነበረም፤ እኔም አስቀድሜ አላስቀመጥኩትም። ታብሌቶቹ ያላቸው አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ስለነበረ ኪቦርድ ሲሰካ ቻርጀር፣ ቻርጀር ሲሰካ ኪቦርድ መንቀል ነበረብኝ። ድራይቨሩን ከባዶ ካልተጫነባቸው ታብሌቶች ለማውጣት የፈጀብኝ ጊዜ ዘጠኙን ለማሻሻል ከወሰደብኝ ይበልጣል። የእርስዎ ታብሌት ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ድራይቨር የሚዋሱበት ጓደኛ የለውም። ከባዶ ልጫንልዎ የሚል ሰው ከመጣ እሺ አይበሉ።

በታብሌቱ ላይ አሁን የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ያ ያልተሳካ ማውረድ የተወው ፋይል ቦታውን ይዞት ስለሚገኝ፣ «ዲስክ ክሊንአፕ»ን ከፍተው የሲስተም ፋይሎች እንዲጸዱ በማዘዝ ጊዜያዊ የመጫኛ ፋይሎችን ያጥፉ። ቀጥሎም ዋይፋዩን በ«ሚተርድ ኮኔክሽን» ላይ ያድርጉት፤ አብዛኛውን ማውረድ ሳይጠይቅዎ እንዳይጀምርና የገዙት ፓኬጅ በአንድ ሌሊት እንዳያልቅ ይረዳል። የተጨማሪ ዝማኔው ምዝገባ በታብሌቱም ላይ ከመጣ ይመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ለደንበኛ ሰነድ ማሳያነት ያገልግልዎት፣ የባንክ ሥራዎን ግን ከእርሱ ላይ ያንሡ።

ሁለተኛው ዴስክቶፕ መስፈርቱን አሟልቶ የሚሻሻል ከሆነ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ሳይኖር አይጀመር። ከመካከል መብራት ሄዶበት መነሣት ያቃተው ማሽን በእጄ ላይ ደርሶ ያውቃል፤ ሰነዶቹን ያዳንኩት ዲስኩን አውጥቼ በሌላ ማሽን ላይ በመሰካት ነው። ዩፒኤስ ከሌለዎት ካለው ቢሮ ለአንድ ቀን ይዋሱ።

የመጀመሪያው ሥራዎ የፎንቶቹ ይሁን። እርሱን እንደጨረሱ በሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ዊንዶውስንና አር ፊደልን አብረው ተጭነው «ኤምኤስኢንፎ32» ብለው ይጻፉ፤ ከሚከፈተው ገጽ ላይ «ፕሮሰሰር» እና «ባዮስ ሞድ» ከሚሉት ጎን ያለውን እንዳለ እዚህ ይለጥፉልን። ባዮስ ሞዱ «ሌጋሲ» (አሮጌው የማሽን አነሣስ) የሚል ከሆነ ዲስኩን ሳናጠፋ የምንቀይርበት መንገድ ስላለ፣ እርሱን ያኔ ደረጃ በደረጃ እጽፍልዎታለሁ።