ደሙ ይረጋል፣ ውጤቱ ደግሞ ዘገየ ይላል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ጥያቄው ሁሉ ስለ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ሆኗል። የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ተነስቶ ደም እንዲረጋ የሚያደርግበት፣ ፅንስም የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው።

«እግሬ ላይ ደም ረጋብኝ። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው የኤፒቲቲ ምርመራ ውጤቴ ግን ደሜ ለመርጋት ይዘገያል ይላል። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው?»

አልተሳሳተም ወንድሜ። ምርመራው ላይ ፎስፎሊፒድ የሚባል ቅባት ይጨመራል፣ ያንተ አንቲቦዲዎች (መከላከያህ ያመረታቸው ፕሮቲኖች) ቅባቱን ይሻሙታል፣ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ያለው ደም ሳይረጋ ይቆያል። ሰውነትህ ውስጥ ግን እነዚያው አንቲቦዲዎች ፕላትሌቱን (ደም የሚያረጉትን ትንንሽ ሕዋሳት) እና የደም ሥሩን ግድግዳ እየነካኩ ያረጉታል። ለማጣራት ፕላዝማህን (የደምህን ፈሳሽ ክፍል) ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ይቀላቅሉታል። ሰዓቱ ከተስተካከለ የጎደለህ የመርጋት ፕሮቲን ነበር ማለት ነው፤ ካልተስተካከለ የሚያግድ ነገር አለ። ከዚያ ፎስፎሊፒዱን ያበዙታል፤ ሰዓቱ ካጠረ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት አለብህ ይባላል፣ የሉፐስ በሽታ ባይኖርብህም። ይህን ለማወቅ ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ የሚሠራው በእፉኝት መርዝ ነው። አትደንግጥ፣ መርዙ የሚገባው ቱቦው ውስጥ ነው።

«እርጉዝ ነኝ። ቪዲአርኤል የሚባለው የቂጥኝ ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነብኝ፣ ባለቤቴ ነጋቲቭ። ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

ቆይ እህቴ፣ ማንም ዕቃውን አይሸክፍ። ቪዲአርኤል የሚሠራው ካርዲዮሊፒን በሚባል ቅባት ነው፤ የዚህ በሽታ አንቲቦዲም እሱኑ ስለሚይዝ ቂጥኝ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። እርግዝና ራሱም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ዛሬ ነገ ሳትይ ቂጥኙን የሚያረጋግጠውን ቲፒኤችኤ ምርመራ አሠሪ። እሱም ፖዘቲቭ ካለ ፔኒሲሊን አለ፣ ለልጁም ሲባል ቶሎ መጀመር ነው። ነጋቲቭ ከሆነና ከዚህ በፊት ከ10 ሳምንት በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ የፅንስ ሞት ደርሶብሽ ከነበረ፣ ወይም ከ10 ሳምንት በፊት 3 ጊዜ በተከታታይ ጨንግፎብሽ ከነበረ፣ ለሐኪምሽ ሳትሸሽጊ ንገሪ። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒንና አንቲቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1፣ ሦስቱም የዚህ በሽታ አንቲቦዲ ምርመራዎች ይታዘዙልሽ።

«በእነዚህ አንቲቦዲ ምርመራዎች አንዴ ፖዘቲቭ ሆኛለሁ። ለምን ድጋሚ ክፈል እባላለሁ?»

ኢንፌክሽን ራሱ እነዚህን አንቲቦዲዎች ለጊዜው ሊያመጣቸው ስለሚችል። ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ካልተገኘ በሽታው አለብህ አይባልም። ብሩ ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያለ በቂ ምክንያት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) መዋጥ ይብሳል።

«ዋርፋሪን ላይ ሆኜ ልመርመር?»

የሉፐስ አንቲኮአጉላንቱን ውጤት ያዛባዋል፣ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሪቫሮክሳባንም እንደዚያው። ሌሎቹን ሁለቱን ግን አይነካቸውም። መድኃኒቱን በራስህ እንዳታቆም!

«ክልል ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሉፐስ አንቲኮአጉላንት ናሙና ወደ አዲስ አበባ ስንልክ ነጋቲቭ ይበዛብናል።»

ስንቴ ታዞሩታላችሁ? ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ እስከ መስመሩ ሙሉ፣ ፕላዝማውን ሁለቴ በሴንትሪፊዩጅ አዙሩት፣ ከዚያ ነው ማቀዝቀዝ። የቀረ ፕላትሌት ካለ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ይፈነዳል፣ የፕላትሌቱ ቅባትም አንቲቦዲውን ይውጠዋል። ፕላትሌቱ በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች መሆኑን ቆጥራችሁ እዩ። መንገድ ላይ ቀልጦ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ደም ቅዱ።