ያ የበረዶ ዘፈን ለምን አያረጅም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ዲሴምበር በገባ ቁጥር «ዋይት ክሪስማስ» (ነጭ ገና) የሚለው የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢንግ ክሮስቢ ዘፈን ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሰማንያ ዓመት አልፎታል እኮ! እኔ በረዶ የለበሰ ሜዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ግን ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ባለቤቴ ደግሞ «ባክሽ፣ ነጋዴዎቹ እየደጋገሙ ጆሮሽ ላይ ስለጫኑብሽ ነው» ይለኛል። እውነት እሱ ብቻ ነው? ደግሞስ መንፈሳዊ መዝሙር ነው ወይስ ተራ ዘፈን?
ሆደ ቡቡዋ አንባቢያችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ ሆድሽ የሚባባው በከንቱ አይደለም። ዘፈኑ ሲፈጠርም የናፍቆት ዘፈን ነው። ብዙ ሰው የደስታ ዘፈን ይመስለዋል፤ እኔ ግን ያቆየው ሐዘኑ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ኧርቪንግ በርሊን ይባላል። በ1888 በሩሲያ ግዛት ተወለደ፣ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ኒው ዮርክ ገባ። አይሁዳዊ ነው፤ አባቱም በምኩራብ ጸሎት የሚያዜሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው፦ መንፈሳዊ መዝሙር አይደለም። ግጥሙ ውስጥ ልደቱም፣ ቤተልሔምም፣ መላእክትም የሉም። በረዶ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ልጆች አሉ፣ የመልካም ምኞት ካርድ አለ፤ በቃ። የየትኛውም እምነት ሰው፣ እምነት የሌለውም ጭምር፣ ሳይሸማቀቅ የሚዘፍነው አንድም ለዚህ ነው።

በርሊን ኖታ ማንበብ በደንብ አይችልም ነበር። ፒያኖ የሚጫወተው በአብዛኛው በጥቁሮቹ ቁልፎች ነው። ቅኝት መቀየር ሲፈልግ ለእሱ ተብሎ የተሠራው ፒያኖ ላይ ያለውን ማንሻ ይገፋና በዚያው በለመደው ጣት ይቀጥላል። እና እንዲህ ያለ ሰው የሠራውን ዜማ መጀመሪያ እስቲ ልብ ብለሽ ስሚው። አይዘልም። ከአንዱ ድምፅ ተነስቶ አጠገቡ ወዳለው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይመለሳል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይመለሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ እያለ፣ ወደ ላይ ይሳባል። እኔ ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት ሞክሬዋለሁ፤ ጣቴ እዚያው አካባቢ ሲርመሰመስ ቆየ። ሰው ትዝታ ይዞት ለራሱ ሲያንጎራጉር ልክ እንደዚህ ነው። ድምፀ መልካም መሆን አይጠይቅም፤ ሕፃንም አያትም ይዘፍኑታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘፈኑ አብዛኛው ሰው ሰምቶት የማያውቅ መግቢያ አለው። እዚያ ላይ ዘፋኙ ያለው በረዶ አገር አይደለም፤ ሎስ አንጀለስ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሣሩ ለምልሟል፣ ብርቱካንና ዘንባባ ይወዛወዛሉ። ቀኑ ግን ዲሴምበር 24 ነውና ልቡ ወደ ሰሜን ሸፍቷል። አየሽ፣ ዘፈኑ በረዶ ውስጥ ያለ ሰው ዘፈን አይደለም፣ በረዶ የሌለው ሰው ዘፈን ነው። ክሮስቢ ሲቀዳው መግቢያው ቀረ። እንደ እኔ ይህ ዘፈኑን ጠቅሞታል፤ ሎስ አንጀለስ ስትወጣ ቦታው ክፍት ሆነና እያንዳንዱ ሰማዒ የራሱን ናፍቆት አስገባበት። በረዶ አይተሽ የማታውቂው አንቺም ጭምር።

የበርሊን የራሱ ገና ደግሞ ከባድ ነበር። አንድ ወር ያልሞላው ወንድ ልጁ የሞተው በ1928 በገና ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በዚያ ቀን ከሚስቱ ጋር መቃብሩ ዘንድ ይሄድ ነበር። ግጥሙን ለዚያ ልጅ ጻፈው ማለቴ አይደለም። ግን ገና ሲመጣ ሁሉም እየሳቀ አንድ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

ጊዜውም አለበት። ክሮስቢ ዘፈኑን በሬዲዮ ለሕዝብ ያሰማው በ1941 በገና ዕለት ነው፤ ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበችና አሜሪካ ጦርነት ከገባች ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በግንቦት 1942 ሸክላ ላይ ተቀዳ፣ በኦገስት «ሆሊደይ ኢን» በተባለው ፊልም ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ ቀጥሎ ኦስካር አገኘ። (ሽልማቱን የሚሰጠው ራሱ በርሊን ነበር፤ ፖስታውን ሲከፍት የራሱን ስም አገኘ።) ከአገራቸው ርቀው ይዋጉ የነበሩ ወታደሮች የጦሩን ሬዲዮ በዚህ ዘፈን ጥያቄ አጨናነቁት። ክሮስቢ በኋላ እንደተናገረው ፊታቸው ሲቆም ሊዘፍነው ያመነታ ነበር፣ ምክንያቱም ያስከፋቸዋል። እነሱ ግን እየጮሁ ያስዘፍኑታል። ሰው የሚያስለቅሰውን ዘፈን ለምን ደግሞ ደግሞ ይጠይቃል? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እንባው ያሳርፋላ።

ሸክላው ከመጠን በላይ ከመታተሙ የተነሳ ሌሎቹ የሚባዙበት ዋናው ቅጂ ተበላሸ። ስለዚህ በማርች 1947 ክሮስቢ ከዚያው ኦርኬስትራና ከዚያው የዘማሪ ቡድን ጋር ሆኖ፣ የድሮውን በተቻለ መጠን እንዲመስል አድርጎ እንደገና ቀዳው። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንሰማው ይህን ሁለተኛውን ነው። የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሚመዘግበው ጊነስ ነጠላ ዜማው 50 ሚሊዮን ቅጂ ያህል እንደተሸጠ ገምቶ በዓለም በሽያጭ አንደኛ አድርጎ መዝግቦታል።

ባለቤትሽም ጨርሶ አልተሳሳተም። መደጋገሙ ይሠራል፤ ስትሪሚንግ፣ ማለትም ዘፈንን በኢንተርኔት መስማት፣ ከመጣ ወዲህማ ባሰ። የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን በ1994 ወጥቶ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የሆነው በ2019 ነው። ዘፋኟ ብሬንዳ ሊ በ13 ዓመቷ በ1958 የቀዳችው የገና ዘፈን ደግሞ በ2023፣ በ78 ዓመቷ አንደኛ አደረጋት። ግን በየዓመቱ ስንት አዲስ የገና ዘፈን ይለቀቃል፣ ማስታወቂያውም ይጎርፍለታል፣ ጃንዋሪ ሲገባ ማን ያስታውሰዋል? ነጋዴ ዘፈኑን ጆሮሽ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሠራው ያ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚሳበው ዜማ ነው።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር አድርጊለት። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በ1967 ባወጣችው የገና አልበም ላይ ዘፈኑን ከነመግቢያው ዘፍናዋለች። እሱን ክፈቺለትና ፀሐዩና ብርቱካኑ እስኪያልፍ ዝም ብላችሁ ስሙት። ከዚያ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።