ግማሽ ጋልሻን (የሞገድ መጋለቢያ ሰሌዳ) አለን፣ ምን እንሥራበት?

ጥያቄ፦ እስራኤል፣ ኔታንያ ነው የምንኖረው። የ13 ዓመት ልጄ ባሕር ዳር ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተሰበረ ረጅም ጋልሻን አግኝቶ የፊተኛውን ግማሽ እየጎተተ አመጣው። የተሰበረበት በኩል ፎሙ ቢጫ ሆኗል። «በሆዴ ተኝቼ ሞገድ የምጋልብበት ትንሽ ሰሌዳ እንሥራበት» እያለ ይለምነኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራ አልፈራም፣ ግን ስለ ፎምና ስለ ሬዚን ምንም አላውቅም። ይሆናል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳይጥሉት! የፊተኛው ግማሽ መሆኑ ራሱ ትልቅ ዕድል ነው። የሰሌዳው አፍንጫ፣ የፊቱ ጫፍ፣ ወደ ላይ መቀልበስ ለጀማሪ ከባዱ ሥራ ነው፤ እሱን አንድ ባለሙያ ድሮ ጨርሶላችኋል።

ለልጅዎ ይህን ይንገሩልኝ። ዛሬ በየባሕሩ ዳር የምናየው ቡጊ ቦርድም፣ በሆድ የሚጋለበው አጭር የፎም ሰሌዳ፣ የተወለደው ከግማሽ ነው። ቶም ሞሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ውስጥ 9 ጫማ የሚረዝም ፎም በኤሌክትሪክ ቢላዋ ለሁለት ቆረጠ። ከዚያ ጋዜጣ አልብሶ በልብስ ካውያ ቅርጽ አስያዘው። የሃዋይ ሰዎች ደግሞ ከእሱ በፊት ፓይፖ በሚሉት አጭር የእንጨት ሰሌዳ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይጋልቡ ነበር። ካውያው ግን ለሞሪ ፎም የሚሆን ነው፤ የእናንተው ላይ እንዳይሞከር።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ሰው የተሰበረ ሰሌዳ ሲያገኝ መጀመሪያ ፎሙን የሸፈነውን ጠንካራ ቅርፊት በሙሉ ገፎ ፎሙን ይልጋል። ይሄን ሳይ አዝናለሁ። የሰሌዳ ፎም ጠንካራ የሚሆነው ከላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ነው። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ይለሰልሳል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ የግድ ካልሆነ በቀር አትንኩት።

በመጀመሪያ ይድረቅ። ቢጫነቱን ፀሐይም ያመጣዋል፣ ግን የተሰበረ ፎም ውሃ መምጠጡ አይቀርም። የተሰበረውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ሥር አቁሙት። ከፎሙ ላይ ግልጽ ላስቲክ በፕላስተር ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው ገና ነው። እርጥብ ፎም ላይ ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክረውን ፈሳሽ ሙጫ፣ ማፍሰስ ድካምን ባሕር ውስጥ መጣል ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ፎሙን እወቁት። ከስባሪው የጥፍር ያህል ቁራጭ ውሰዱና ደጅ ላይ አሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ከሟሸሸ ፖሊስታይሪን ነው። ምንም ካልሆነ ፖሊዩሬቴን ነው። ሬዚን ሁለት ዓይነት ነው፣ ፖሊስተርና ኢፖክሲ፤ በፖሊዩሬቴን ላይ ሁለቱም ይሠራል። ፖሊስታይሪን ላይ ግን ፖሊስተር ሬዚን ካፈሰሳችሁ ፎሙን ይበላዋል። ኢፖክሲ ለሁለቱም ስለሚሆን፣ ሽታውም ስለሚቀል፣ ለቤት ሥራ እሱን ግዙ።

ቅርጹን ለመሳል እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ። እንደ ቀሚስ ፓተርን የግማሹን ልክ ካርቶን ላይ ያውጡ። መሃል ላይ ያለችውን የእንጨት መስመር ተከትለው በአንድ በኩል ይሳሉ፣ ከዚያ ካርቶኑን ገልብጠው በሌላው በኩል። ለልጅዎ ሰሌዳው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 115 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረዝም ይበቃል። ወርዱን አታጥብቡት። የእኛ ባሕር ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ደካማ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ላይ ቶሎ የሚንሳፈፈው ሰፊ ሰሌዳ ነው። ጅራቱን ቀጥ አድርጋችሁ ጥርሱ በደቀቀ መጋዝ ቁረጡት።

ስትቆርጡት ጅራቱ በጣም ወፍራም ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የረጅም ጋልሻን መሃል 7 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ወደ 4 ገደማ ማውረድ አለባችሁ። ከየት? ከጀርባው ብቻ! ሆዱ ውሃው ላይ የሚሮጠው ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። ከኋላ በኩል ሲሶውን ያህል የጀርባውን ቅርፊት ግፈፉ፣ ፎሙን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ወደ ጅራቱ ቀስ እያላችሁ አቅጥኑት። የክንድ ክብደት የሚያርፍበት ፊተኛው ክፍል የድሮ ቅርፊቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ጥንካሬውም አብሮት።

ከሁሉ በላይ ልባችሁን እዚህ ላይ ጣሉ፦ የጅራቱ ጠርዝ። ውሃ ክብ ነገር ሲያገኝ ይለጠፋል፣ ዞሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰሌዳውንም ይጎትታል። ስለታም ጠርዝ ሲያገኝ ግን ይላቀቃል። ስለዚህ ከጅራቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሆዱና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ በጣት ሲዳሰስ ጥርት ያለ ይሁን። ከዚያ ወደ ፊት ያለው የድሮ ክብነቱን ይጠብቅ። ፊቱም ስል ከሆነ ሞገዱ ይይዘውና ልጁን ይገለብጠዋል።

የተገለጠውን ፎም በፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር በተሠራ) ጨርቅ ሁለት ንብርብር ሸፍኑት፤ ዳሩ የድሮው ቅርፊት ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። እዚያ ቦታ ላይ ቅርፊቱን ቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጉት፣ አለዚያ አይያያዝም። የኢፖክሲውን ልክ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ለኩ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ሥራውን ፀሐይ ስትበርድ፣ አመሻሽ ላይ ጀምሩ። ጠዋት ከጀመራችሁት ሙቀቱ ሲጨምር ፎሙ ውስጥ ያለው አየር ይነፋና ጨርቁ ሥር አረፋ ይሠራል። የተረፈ ኢፖክሲ ጽዋ ውስጥ ተከማችቶ ሲቀር ራሱን አግሎ ሊጨስ ይችላል፤ ሰፋ ያለ ዕቃ ላይ ዘርጉት።

አቧራውን አትናቁት። ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ሁሉም ደጅ ላይ። ልጁ ይሣል፣ ይለካ፣ ፎሙን በእጁ ያለስልስ፣ ማስኩን አድርጎ። ሬዚኑን እርስዎ ይያዙት።

ጥያቄ፦ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም አከማችቻለሁ። አጣብቄ ሰሌዳ ላድርገው? በጋለ ሽቦ መቁረጥስ ይቻላል? (ወጣት አንባቢ፣ ከአሽዶድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ፎም ጥንካሬ የለውም። ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይበተናል፣ ፍርፋሪውም ባሕር ይገባል። ከፈለግህ ከግንባታ ቦታ የሚተርፈውን ጠንካራ ሰማያዊ ወይም ሮዝ የግድግዳ ፎም ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጡሃል። እሱም ፖሊስታይሪን ስለሆነ ኢፖክሲ ብቻ! ልሙጥ ፊቱን ሻክር አድርገው፣ ካልሆነ ጨርቁ ይላቀቃል። የጋለ ሽቦ ለዚህ ፎም ይሆናል፣ ደጅ ላይ። ፖሊዩሬቴን ግን በጋለ ሽቦ እንዳትነካ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ሰሌዳው ካለቀ በኋላ ልጁን ብቻውን ልልቀቀው? (ያችው የኔታንያ እናት)

መልስ፦ አይሆንም። ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ዳር፣ ወገቡ በሚደርስ ውሃ ይጀምር። በሆድ የሚጋለብ ሰሌዳ የሚነዳው በእግር ነውና አጭር የዋና ክንፍ ግዙለት፤ ያለ እሱ ሞገድ መያዝ ይከብዳል። ውሃው ወደ ጥልቁ ከጎተተው ሰሌዳውን አይልቀቅ፣ ከጉተታው ጋር አይታገል፣ ወደ ጎን ይቅዘፍ። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ቅርፊቱን አብራችሁ ዳስሱት። ስንጥቅ ካገኛችሁ እስኪጠገን ድረስ ውሃ አይንካው።