ከኮርቻ ሥር ስፖንጅ ይሻላል ወይስ አጎዛ?

ወንድሜ፣ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል የምታሰለጥነው ፈረስ ጀርባው መላጥ ስለጀመረ የፍራሽ ስፖንጅ ከኮርቻው ሥር ላንጥፍ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ስፖንጁን ተወው። በሁለት ጣትህ ጨምቀው፤ ጣቶችህ ከተገናኙ፣ የአንተን ክብደት የተሸከመው የኮርቻ እንጨትም ከፈረሱ ጎድን ጋር ይገናኛል። ሙቀትና ላብም አምቆ ይይዛል። የማዳበሪያ ከረጢት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፦ አየር አያሳልፍም፣ በላብ ሲርስም ኮርቻውን ያንሸራትተዋል።

አጎዛ ምረጥ። ጠጉሩ ላብ ይመጥጣል፣ ቢጫኑትም መልሶ ይነሳል። በደንብ የለፋ ቆዳ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያልለፋ ቆዳ ላብ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ጠጉሩን በመቀስ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አስተካክለህ ቁረጠው። አጎዛው ጠጉሩ ወደ ፈረሱ ጀርባ ሆኖ ከሥር ይነጠፋል፤ መሐል ላይ የሚገባው አሮጌ ባና ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ከላይ ሸራ። ሦስቱ ተደርበው በእጅ ሲጫኑ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃሉ። ውፍረት ሲበዛ ኮርቻው ይጠብና ወዲህ ወዲያ ይዋልላል፤ ልክ የሆነ ጫማ በወፍራም ካልሲ እንደሚጠብ ማለት ነው።

ዋናው ነገር አቆራረጡ ነው። አንድ ወጥ አድርገህ አትስራው፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት ክንፍ ይኑረው። ርዝመቱ የኮርቻህ የጎን እንጨት ርዝመት ሲሆን ከፊትም ከኋላም 5 ሴንቲ ሜትር ጨምርበት፤ ወደ ጎንም ከእንጨቱ ጠርዝ ቢያንስ 5 ይለፍ። በሁለቱ ክንፎች መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት ትተህ በሸራው ብቻ አያይዛቸው፤ አከርካሪው ምንም ሳይነካው አየር ያገኛል። ሸራውንም ከመሐል ለሁለት ቁረጥና ከፊት በኩል፣ ጋማው በሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቅስት አድርገህ መልሰህ ስፋው። ዝርግ ሆኖ የተሰፋ ምንጣፍ መቀነቱ ሲጠብቅ ጉብታው ላይ ተወጥሮ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ገጣባ (የኮርቻ ቁስል) የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስፌቱን በሰም በታሸ የጥጥ ክር ስፋ፤ የናይለን ሲባጎ ይቆረቁራል። ቋጠሮው ሁሉ ወደ ላይ ይሁን። ቁርጥራጭ አጎዛ ከቀጠልክ መጋጠሚያው እንጨቱ በሚያርፍበት ቦታ እንዳይውል። የጠጉሩ አቅጣጫ ወደ ጭራ ይሁን። ከፊት በኩል በግራና በቀኝ ጠፍር ስፋበትና ከኮርቻው ጋር እሰረው፤ አለበለዚያ በሶምሶማ ወደ ኋላ ይሾልካል።

ስትጭን ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጠህ ወደ ኋላ ሳበው፤ የፈረሱ ጠጉር ይተኛል። መቀነቱን ከማጥበቅህ በፊት መሐሉን በጣትህ ወደ ኮርቻው ክፍተት ከፍ አድርገው።

ግማሽ ሰዓት ጋልበህ አውርድና ጀርባውን እይ። ግራና ቀኙ እኩል ካላበውና የአከርካሪው መስመር ደረቅ ከሆነ ተሳክቶልሃል። በላብ መሐል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካየህ እዚያ ጫና በዝቷል፤ ቆይቶ ነጭ ጠጉር የሚበቅለውም በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ጨርቅ መደረብ ጫናውን ይጨምራል፤ ይልቅ ከመሐለኛው ሱፍ ቀንስ። ካልተስተካከለ ችግሩ የኮርቻው እንጨት ነውና አናጺ ይጥረበው፤ ምንጣፍ የተጣመመ ኮርቻ አያቃናም።

አሁን የተላጠው ግን ጠጉር እስኪያወጣ ድረስ አትጫነው፣ በዓሉ ቢደርስም። ያማረው ግላስ (ባለ ጥልፉ የፈረስ ጌጥ ልብስ) ምንጊዜም ከላይ ነው፤ ጥልፉ ከሥር ከገባ ያቆስላል።

ከጉዞ በኋላ ጭጎጎቱን ልቀም፣ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠብ፣ ጥላ ላይ አድርቅ። ለሌላ ፈረስ አታውስ፤ ጭርትም፣ በቁስል የሚገባው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው የፈረስ የፈንገስ በሽታም በዕቃ ይተላለፋሉ።